ለአጎቴ ጎራዴ አፎት ስሠራ

በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የድሮ ጎራዴዎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላቸው የራሳቸው አፎት፣ ማለትም ብረቱ የሚከተትበት መያዣ፣ ነው። ይህን የተረዳሁት ለአጎቴ ጎራዴ አዲስ አፎት ለመሥራት ስነሣ ነው። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ አናጢም ቆዳ ሠሪም አይደለሁም። ሥራው ግን እንደሚመስለው አያስፈራም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ቤታችሁ ተመሳሳይ ዕቃ ካለ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል፤ ስሙን ሳያውቁ ገበያ መውጣት ያደክማል። ቆዳ ፍለጋ መርካቶ ስዞር "የጎራዴ አፎት ልሠራ ነው" ስላቸው ወጣቶቹ ነጋዴዎች ግር ይላቸው ነበር። አንዱ "ቤቱን ማለትህ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዛሬ በከተማ አፍ የመነጽሩም የጩቤውም የሽጉጡም መያዣ "ቤት" ነው። አጎቴ ግን ከአፎት ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ጎረቤታችን መሪጌታ ደግሞ ሰገባ ይላሉ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታ ጴጥሮስን "ሰይፍህን ወደ ሰገባው ክተተው" ይለው የለ? ለእኔ ጆሮ ሰገባ የንባብ ቃል ነው፤ አፎት ግን አሁንም በገጠር ሰው አፍ ላይ አለ።

አፎት ሰፋም ይላል። ይስሐቅ ዔሳውን ለአደን ሲልከው ቀስትህንና "የፍላጻ አፎትህን" ያዝ ነው ያለው። ስለዚህ ፍላጻዎች የሚታጨቁበትም ኮሮጆ አፎት ይባላል ማለት ነው። ጥይት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ እሱ ዝናር ነው፤ ወገብ ላይ ይታጠቁታል፣ ጥይቱም ተራ በተራ ይሰካበታል። ካዝና ደግሞ የጠመንጃው አካል ስለሆነ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ማኅደር የመጽሐፍ ነው፤ የብራና መጽሐፍ ገብቶበት በጠፍር የሚንጠለጠለው የቆዳ መያዣ። አንዳንዱ ለሽጉጥም "ማኅደር" ሲል እሰማለሁ። እኔን አይጥመኝም። ዳዊት በሚያድርበት ስም ሽጉጥ ማሳደር ምን ይሉታል?

ወደ ጎራዴው ልመለስ። የአጎቴ ጎራዴ ብረቱ ላይ ዘውድ የጫነ፣ ባንዲራ የያዘ አንበሳ ተቀርጾበታል። እንዲህ ዓይነት ብረቶች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ተሠርተው ይመጡ ነበር። እጀታው ቀንድ ነው። አጎቴ የአውራሪስ ነው ይላሉ። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ "ላኩልኝ፣ ሳሎን ልስቀለው" ብላ ነበር። አይሆንም አልናት። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የታገደ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ "የአያቴ ነው" ቢሉ ማን ይሰማል? ቅርስም ቢሆን ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ያረጀው አፎት ቀይ ቆዳ ለብሶ ነበር፤ የቀድሞ ሰዎች ባሕር አረብ የሚሉት ዓይነት። ቆዳው ተኮማትሮ ጎራዴውን ነክሶ ይዟል። አጎቴ "ልመዥልጠው" ብለው ጉልበት ሊሞክሩ ሲነሡ "ኧረ ጋሼ፣ ይቆዩ" አልኳቸው። በአፎቱ አፍ በኩል የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርገን አሳደርነው፤ ደግመንም አደረግነው። ከዚያ እሳቸው አፎቱን ይዘው እኔ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። ሲወጣ ከወገቡ በታች ያለው ብረት ዝጎ ተበላልቷል። ከአፎቱ ውጪ የቀረችው ጥቂት ብረት ግን ደህና ናት!

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ነገር፣ ከዛፍ ልጥም ይሁን ከፋብሪካ ኬሚካል፣ ብረትን ቀስ በቀስ ያበላሻል። በዚያ ላይ ቆዳ እርጥበት ይስባል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎራዴው እርጥብ ልብስ ለብሶ ይከርማል ማለት ነው። ነሐስ ካለበት ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያወጣል።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ያምራል። አታድርጉት። ቅርጹንም አንበሳውንም አብሮ ይወስደዋል። በዘይት የራሰ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ቀያዩን ዝገት ብቻ አንሡ። ጥቁሩ ይቆይ፣ ጉዳት የለውም። እጃችሁ ላብ ስላለው የጥጥ ጓንት አድርጉ። አሮጌውንም አፎት አትጣሉት። እኔ ፎቶ አነሣሁት፣ በካርቶን ላይ ልኩን ወሰድኩ፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ስፌቱ የት እንዳለ፣ ማንገቻው የት እንደሚታሰር ያስተማረኝ እሱ ነው። የእኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር፤ የውጭ አፎት ምስል አይታችሁ ብትገለብጡ ማንገቻው በተሳሳተ ጎን ይወጣል።

አፎቱ ውስጡ እንጨት፣ ላዩ ቆዳ ነው። ለጎራዴ ይህ ይሄዳል፣ ጎባጣነቱ ትንሽ ስለሆነ። እንደ ማጭድ የጎበጠው ሾተል ቢሆን ኖሮ ጠንካራ ቆዳ ብቻውን ይሻል ነበር። እንጨቱን ዋንዛ አደረግነው። ለስላሳ ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል። ጽድ ቤት ውስጥ ነበር፤ ግን ሙጫና ዘይት ስላለው ተውነው። የሠፈራችን አናጢ ጣውላውን ለሁለት ሰንጥቆ ላገልኝ። ጎራዴውን በላዩ አስተኝቼ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። ከዚያ ሁለቱንም ግማሽ በመሮ መቦርቦር ነው።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ብረቱ አፎቱን በሙሉ ርዝመቱ መንካት የለበትም። ጠበቅ ማለት ያለበት አፉ አካባቢ፣ ከእጀታው ሥር ባለችው ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ብረቱ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ስለቱ እንጨቱን ከነካ በተመዘዘ ቁጥር እንጨቱን ይልጠዋል፣ ራሱም ይደንዛል። የት እንደሚነካ ለማወቅ አናጢው ጥሩ ዘዴ አሳየኝ። ብረቱን የሻማ ጥላሸት ታስነካዋለህ፣ ሁለቱን ግማሽ በገመድ አስረህ ታስገባዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ ትፈታዋለህ። ጥቁር ምልክት ያለበትን ቦታ ብቻ ትፍቃለህ። አሰልቺ ነው። ቅዳሜዎቼን የበላው ይሄ ነው። ግን ሲያልቅ ጎራዴው ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል፤ መጨረሻ ላይ "ቅጭ" ብሎ ይቀመጣል፣ ቢገለብጡትም አይወድቅም።

ሁለቱን ግማሽ በቪናቪል፣ በነጩ የእንጨት ማጣበቂያ፣ አጣበቅን። ቪናቪል ሲደርቅ አሲድነት ያለው ሽታ ይለቃል፤ ለብረት ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አፎቱን ባዶውን ትተነው ነበር። አትቸኩሉ።

ቆዳው የፍየል ነው። ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ እንጨቱ ላይ ጥሩ ይለበጣል። ለጫማ ሠሪዎች ቆዳ ከሚሸጡ ሱቆች ገዛሁት፤ ቀይ ያልኩት ለአጎቴ ብዬ ነው። እሳቸው የመኳንንቱ አፎት ከፋይ (ቬልቬት ጨርቅ) ይለብስ እንደነበር እያወሱ "ከፋይ ይሁን" ብለው ነበር። ከፋይ አቧራ ይይዛል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ተከራክረን ቆዳው አሸነፈ። ቆዳውን በውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ እንጨቱ ላይ ወጥሬ ከጀርባ በኩል ሰፋሁት። ቀዳዳውን በወስፌ አስቀድሞ መብሳት፣ ክሩን ሰም መቀባት፣ በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ እያጠላለፉ መስፋት። እንዲህ የተሰፋ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። ሲደርቅ ቆዳው ይኮማተርና እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይሰነጠቃል። ማስቲሽ የተጠቀምኩት አፉ ላይ ለታጠፈችው ጠርዝ ብቻ ነው። የጫፉን ብረት ከአሮጌው አፎት ፈትቼ መለስኩት።

አሁን ጎራዴውና አፎቱ የሚያድሩት ለየብቻ ነው። ብረቱ በስሱ ዘይት ተቀብቶ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው። አፎቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አጎቴ መጀመሪያ "ባዶ አፎት ግድግዳ ላይ? ሰው ምን ይላል?" ብለው አኩርፈው ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ከሳጥኑ አውጥተው ራሳቸው ይከቱታል፣ ይመዙታል። ቀንዱን ግን ዘይት አናስነካውም፤ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ነፍሳት ቀንድ ስለሚበሉ በየጊዜው ማየት ነው።

ያላችሁ ጩቤ ወይም ትንሽ ቢላ ብቻ ከሆነ እንጨት ውስጥ መግባት አያስፈልግም። የአፋሮችን ጩቤ፣ ጊሌን፣ ባቲ ገበያ ላይ አይታችሁ ከሆነ አፎቱ ቆዳ ነው። ወፈር ያለ የበሬ ቆዳ በውኃ አለስልሱ፤ ቢላውን በፌስታል ጠቅልሉና ቆዳውን በላዩ እጥፍ አድርጋችሁ በጣት ተጫኑት፣ ቅርጹን እስኪይዝ። በስፌቱ በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መሃል አንድ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አስገቡ፤ ስለቱ ክሩን ሳይሆን እሱን እንዲያገኝ ነው። በደንብ ከደረቀ በኋላ ስፉት።