እጃቸው የታለ? የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፌን ጽፌ፣ ሥዬ ሳሳትም
ይህን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። የልጆች የሥዕል መጽሐፍ እሠራለሁ ስል ስለ ቀለምና ስለ ብሩሽ፣ ስለ ታሪክ አወቃቀር የሚመክረኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ስለ መጽሐፉ መሃል መታጠፊያ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ጥላዋን ትፈራለች። ስትሸሸው ይከተላታል። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። መጀመሪያ 1,100 ቃል ጻፍኩ። ጮክ ብዬ ሳነበው ደከመኝ። ሥዕሉ የሚያሳየውን ሁሉ ከጽሑፉ ስሰርዝ 380 ቀረ። የደነገጠ ፊት ከሣልኩ በኋላ "ልጅቷ ደነገጠች" ብሎ መጻፍ ምን ያደርጋል?

ገጹ 32 ሆነ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ማተሚያ ቤት ትልልቅ ወረቀት ላይ አትሞ በ8 ወይም በ16 ገጽ ስለሚያጥፈው ነው። የርዕስና የመብት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ 14 ያህል ጥንድ ገጽ ይተርፋል። በውሃ ቀለም ሣልኩ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አደረግኩ። ጽሑፉን በኮምፒውተር ለብቻው አስገባሁ። (ሥዕሉ ላይ በእጃችሁ አትጻፉ። አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ሥዕሉን እንደ አዲስ መሥራት ነው።) ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ደብዘዝ እንደሚል ሰምቼ ስለነበር እሱንም አስቀድሜ አስተካከልኩ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ጉዱ የመጣው በመጨረሻው ሥዕል ነው። ልጅቷ ከግራ ገጽ፣ ጥላዋ ከቀኝ ገጽ መጥተው መሃል ላይ ይገናኛሉ። እጆቹ ብቻ አራት ቀን ፈጁብኝ። የልጅቷ ጣቶች ሞቅ ያለ ቡናማ፣ የጥላው ሰማያዊ ናቸው። በተነካኩበት ቦታ ሁለቱ ቀለሞች ትንሽ ይዋሃዳሉ። ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ገጾች ተዘርግተው ይታዩኛል። መሃላቸው ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ነው።

የማተሚያ ቤቱ መመሪያ፣ ሲቆረጥ ነጭ እንዳይቀር ዳር ዳሩን 3 ሚሊሜትር ትርፍ ሥዕል ጨምሩ ይላል። ጨመርኩ። ጽሑፍ ከጠርዙ ይራቅ ይላል። አራቅኩ። ስለ መሃሉ ምንም አይልም። ቢሆንም ልቤ ስላላረፈ፣ ተጠርዞ ያለቀ አንድ ናሙና አሳዩኝ አልኩ። ሠራተኛው "ፋይሉ ልክ ነው፣ ፒዲኤፉን አይተው ይፈርሙ፣ ናሙና ጊዜ ይፈጃል" አለኝ። ፈረምኩ።

እስካሁን ያናድደኛል። እሱ ስንት መጽሐፍ ሲጠረዝ ያየ ሰው ነው። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ግን የፈረምኩት እኔ ነኝ። "ሳላይ አልፈርምም" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ላለማስቸገር ብዬ ዋጥኩት።

500 ቅጂ መጣ፣ በሙጫ የተጠረዘ። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ ለጥ ብሎ አይከፈትም። ከየገጹ የተወሰነው ወደ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ቅጂ ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። አምስት ዓመቷ ነው። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ጣቷን መታጠፊያው ውስጥ ከተተች።

"እጃቸው የታለ?"

መጽሐፉን ጫን ብዬ ከፈትኩት። ሙጫው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፣ ገጹ ተላቀቀ። ከውስጥ ብቅ ያለው ግማሽ አውራ ጣት ነው።

ስለዚህ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት 8 ወረቀት ደራርባችሁ እጠፉና መሃሉን በክር ስፉት። 32 ገጽ ይሆናል። መጽሐፉን በሙሉ እዚያ ላይ በእርሳስ ሞነጫጭሩት። እየገለጣችሁም ለልጅ አንብቡ። እኔ ይህን እንደ ጨዋታ ቆጥሬ ዘለልኩት። "መጀመሪያ ታሪኩን ጨርስ፣ ከዚያ ሣል" የሚለውን ምክርም አልቀበልም። ገጹ ሲገለጥ ምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ታሪክ አያልቅም። ፊትና እጅ ከመታጠፊያው 2 ሴንቲሜትር ይራቁ። መመሪያው ከዚያ ያነሰ ይበቃል ቢል እንኳ አትስሙት። ሰማይና ሣር መሃሉን ቢያቋርጡ ግድ የለም። ወደ አሳታሚ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉን ሁሉ ጨርሳችሁ አትሂዱ። ረቂቁና ሁለት ሦስት ያለቁ ሥዕሎች ይበቃሉ። አርታኢ ገጽ ሲያቀያይር ያለቀ ሥዕል መጣል ያንገበግባል።

ለሁለተኛው እትም ያንን ሥዕል ከባዶ ሠራሁት። አሁን ልጅቷ መታጠፊያውን ተሻግራ፣ ቀኝ ገጽ ላይ ጥላዋ አጠገብ ቆማለች። ግራው ገጽ ላይ ሜዳውና የእግሯ ዱካ ብቻ ቀርቷል። ከድሮው ይሻላል። ስትሸሽ የኖረችው ልጅ በራሷ እግር ሄደችለት። ማተሚያ ቤቱ ሦስት ጊዜ "ይፈርሙ" አለኝ። ተጠርዞ ያለቀው ናሙና እጄ እስኪገባ ድረስ አልፈረምኩም።