ግሸን ማርያም ሰማችኝ፣ ሕመሜም ታወቀልኝ

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ስሳል «ከሰማሽኝ እመሰክራለሁ» ብያት ነበርና ይኸው ልመስክር።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ዕድሜዬ 53 ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ነበር፣ ደግነቱ ሁላችንም በሰላም ተመለስን። ደረቴን የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዳገት ስወጣ ብቻ ነበር፣ ደሴ ደግሞ ዳገት የሌለው ሰፈር የት አለ። መሃል ደረቴን ጭምቅ ያደርገኝና ወደ መንጋጋዬ፣ ወደ ግራ ክንዴ ይሄዳል። እየቆየ ቁጭ ባልኩበትም፣ ሌሊትም መምጣት ጀመረ። አረፍ ብልም ቶሎ አይለቀኝም፣ ግማሽ ሰዓት የሚቆይበት ቀን ነበር።

ጨጓራ ነው ተባልኩ። የጨጓራ መድኃኒት ወራት ዋጥኩ። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ተውኩ፤ ወሎ ተቀምጦ ቡና መተው ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምትን በመስመር የሚጽፈውን ምርመራ ተነሳሁ፣ ደህና ነው። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ታየሁ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ልጆቼ ካላቸውም ከሌላቸውም አዋጥተው አዲስ አበባ ሄድኩና አንጂዮግራም ተሠራልኝ። በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቤ አስገብተው፣ ቀለም ረጭተው የልቤን የደም ሥሮች ፎቶ አነሱ። «ሥሮችሽ ንጹሕ ናቸው፣ ምንም የለሽም፣ የጦርነቱ ጭንቀት ነው» ተባልኩ።

ቤተሰቡ እልል አለ። እኔ ግን በአውቶቡስ እየተመለስኩ እስከ ኮምቦልቻ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እዚያው መቀመጫዬ ላይ እያለሁ ደረቴን ይዞኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አመመኝ» ስል ሰው ዓይን ለዓይን ይተያያል። እህቴ እንኳን «እስቲ ራስሽን አጠንክሪ» አለችኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከሕመሙ ይልቅ አለመታመኑ ጎዳኝ፣ እኔው ራሴም አእምሮዬን ነው እንዴ ያመመኝ ማለት ጀምሬ ነበር።

አንዲት እስላም ጎረቤት አለችኝ፣ ከእህት አትተናነስም። አንድ ቀን ሲይዘኝ አጠገቤ ነበረች። «ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ፣ ይሄ የሐሳብ አይደለም። አብሽሪ፣ አላህ ያወጣዋል» አለችኝ። እሷ ዱዓ ታደርግልኛለች፣ እኔ መድኃኔዓለም ሄጄ እንበረከካለሁ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሰፈሩ ሲወጣ እኔ አቅም አጣሁ፣ ጧፍ ብቻ ላክሁ። ያን ሌሊት እንዲህ ብዬ ለመንኳት፦ «እመቤቴ፣ ዛሬውኑ ንቀዪልኝ አልልሽም። የሚያየው ሰው ስጪኝ። ከሰጠሽኝ በእግሬ ወጥቼ ጥላ አስገባለሁ።»

ወር ሳይሞላ ነው የሆነው። የደም ግፊት መድኃኒቴን ላሳድስ ሄጄ የዘወትር ሐኪሜ አልነበረም። በሱ ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀምጣለች። ወረቀት ጽፋ አልሸኘችኝም። «እናቴ፣ ሲይዝዎት ምን እያደረጉ ነው? ካረፉ በኋላ ስንት ደቂቃ ይቆያል? የወር አበባ ከቆመ ስንት ዓመት ሆነዎት?» እያለች ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

የአንጂዮግራሙን ውጤት አይታ እንዲህ አስረዳችኝ። ያ ፎቶ የሚያሳየው ትልልቆቹን የልብ የደም ሥሮች ነው። እነሱ እየተከፋፈሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሲቀጥኑ ፎቶው አያሳያቸውም። ልብ ሥራ ሲበዛበት እነዚህ ቀጫጭኖቹ መስፋት አለባቸው፤ እምቢ ካሉ ወይም ከተኮማተሩ የልብ ጡንቻው ደም ያንሰዋል፣ ያማል። ወዲያው ቃሉ ወረዳ ያለው የአባቴ ማሳ ትዝ አለኝ። ዋናው ቦይ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ወደ ውስጥ የሚገቡት ትናንሾቹ ቦዮች ተደፍነው ሽንኩርቱ ሲጠወልግ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ሕመም ሴቶች ላይ ይበዛል፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አለችኝ።

በሌላ ቀን መሮጫ ማሽን ላይ አውጥተው በኢሲጂ እየተከታተሉ አስኬዱኝ። ማሽኑ ላይ እንዳለሁ ደረቴን ያዘኝ፣ የኢሲጂው መስመርም ተቀየረ። ወረቀቱን ይዛ መጥታ «ይኸው እናቴ፣ ያሉት እውነት ነው» አለችኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሷም እጄን ይዛ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

አልዋሸችኝም። «ሕመሙን ለማረጋገጥ አራት ነገር እንፈልጋለን» አለች። ምልክቱ፣ ልብ ደም እንደሚያንሰው የሚያሳይ ምርመራ፣ ትልልቆቹ ሥሮች አለመዘጋታቸው፤ እነዚህ ሦስቱ አሉኝ። አራተኛው በልብ ሥር ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ፣ ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሰጥቶ የደም ፍሰቱ ስንት እጥፍ እንደሚጨምር መለካት ነው፣ እሱ አልተሠራልኝም። በሦስቱ ተነስታ ቤታ ብሎከር የሚባል የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ጀመረችልኝ፣ ግፊቴንም አስተካከለች። ከሁለት ወር በኋላ ሌሊት መንቃቴ ቀረ። ብርድ ሲሆን ዛሬም አልፎ አልፎ ይይዘኛል። ሕመሙ ከለመድኩት ከተለየ ወይም አልለቅ ካለኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት እንድሮጥ ነግራኛለች። ጠበሌንም እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም አልዘልም፤ ሐኪሟን የላከችልኝ እመቤቴ ናትና።

በዓመቱ ስለቴን ይዤ ግሸን ወጣሁ። አራት ጊዜ አረፍኩ። ከመስቀለኛው አምባ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና መሬቱን ሳምኩት። ጥላውን አስገባሁ።

ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። አንድ ስኒ ተፈቅዶልኛል። ገና ሳልቀመጥ «ያዘሽ ወይ መንገድ ላይ?» አለችኝ።

«አንዴ፣ መወጣጫው ላይ። አረፍኩና ለቀቀኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ቀዳችልኝ።