ባለ 15 ጥርሱ ፒኞን

የብሎኬት ማምረቻችን ኮንቬየር በሚዞር ቤልት (ቀበቶ) ላይ አሸዋና ጠጠር እያወጣ ሚክሰሩ ውስጥ ይጨምራል። ሞተሩ 1.5 ኪሎዋት (2 የፈረስ ጉልበት)፣ በደቂቃ 1,400 ዙር፤ ዙሩን የሚቀንሰው ሪዳክተር 1 ለ 20፤ ከሪዳክተሩ የሚወጣው ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርስ) 15 ጥርስ፣ ቤልቱን በሚያዞረው ድራም ላይ ያለው 30። ድራሙ በደቂቃ 35 ጊዜ ይዞራል። ለዓመታት እንዲሁ ሠርቷል።

ትእዛዝ ሲበዛ ሥራ አስኪያጁ ከውጭ መካኒክ አምጥቶ ፒኞኑን በባለ 30 ጥርስ አስቀየረ፤ ሰንሰለቱም ተረዘመ። ባዶውን ሲያስነሱት ቤልቱ በእጥፍ ፈጠነ። ደስ አላቸው፣ አካፋ የሚይዙ ሰዎችም ጨመሩ። ቤልቱ እንደ ወትሮው ሲሞላ ግን ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከመጠን በላይ አምፔር ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ) ያጠፋው ጀመር።

«ሞተሩ ያው ባለ 2 ፈረሱ አይደለም እንዴ? ምን ጎደለበት?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ደብተሬን አውጥቼ ሠራሁለት። ሞተሩ የሚሰጠው ቶርክ (የማዞር ኃይል) 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በድሮው ፒኞን፣ በሪዳክተሩ 20 በጥርሶቹ ደግሞ 2፣ ማለትም 40 ጊዜ ተባዝቶ፣ ሪዳክተሩ በሰበቃ የሚበላው ተቀንሶ፣ ድራሙ ላይ 320 አካባቢ ይደርሳል። የድራሙ ራዲየስ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ቤልቱ በ3,200 ኒውተን ይጎተታል። አሁን የሚባዛው 20 ጊዜ ብቻ ነው፤ 1,600 ቀረ። አሸዋው ግን ክብደቱ ያው ነው።

«ጭነት የሞላ አይሱዙ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ይነሳል?» ስለው ዝም አለ። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ልጅ ዞሮ «ኦቨርሎዱን ከፍ አድርገው» አለ።

ልጁ አየኝ። እንዳያደርገው ነገርኩት። እንዲህ ያለ ሞተር ጭነት ሲበዛበት ወዲያው አይቆምም፤ አምፔር እየሳበ፣ እየጋለ ይታገላል፤ የሚያድነው ኦቨርሎዱ ብቻ ነው። ግን ትእዛዝ ነውና ከፍ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ዋይንዲንጉ (የሞተሩ የውስጥ ሽቦ ጥቅል) ተቃጠለ። ወጪው ከልጁ ደመወዝ ተቆረጠ። ጥርሱን ያስቀየረው ሰው እዚያው ቆሞ ሲያይ፣ የታዘዘው ልጅ ከፈለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ 3 ኪሎዋት ሞተር ተገዛ። ሪዳክተሩንም በትልቅ ካልቀየርን የውስጥ ጥርሱ ያልቃል ብዬ ተከራከርኩ፤ በዚህ እንኳ ሰሙኝ። አሁን ባለ 30 ጥርሱ ፒኞን ሙሉ ጭነት ይዞ ይሠራል፤ ሥራ አስኪያጁም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ፒኞን መቀየር ነው ያፈጠነን» ይላል። ቤልቱ እየሮጠ ስለሚያዩ ያምኑታል።

የልጁ ገንዘብ እንዲመለስለት በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። እስካሁን መልስ የለም።