ኦሪጅናሉ ይስታል

አለቃችን ያ ደዋይ ሰካራም ነበር ይላል። ዛሬም ድረስ ነገሩ በተነሣ ቁጥር፣ ከሌላ ክፍል ለመጡ እንግዶች ሳይቀር እንዲሁ ያወራል። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ከአለቃችን የተሻለ ጥርት ያለ አማርኛ ይናገር ነበር፤ ስለ መጠጥ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጊዜው ሲዲ ገና ያልሞተበት፣ ፍላሽ ግን መቃብሩን እየቆፈረለት የነበረበት ወቅት ነው። የሬዲዮ ጣቢያችን ቅዳሜ ማታ ሶል የሚባሉት የቆዩ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈኖች የሚቀርቡበት ሰዓት ነበረው። አድማጭ ይደውላል፣ የሚወደውን ዘፈን ይጠራል፣ ለምን እንደሚወደው በአጭሩ ይናገራል፤ አቅራቢዋ ታስተዋውቃለች፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ እለቅቃለሁ። ፕሮግራሙ በሙሉ የቆመው በአንድ ሳጥን ላይ ነበር። አለቃችን ለሥራ ዱባይ በሄደ ጊዜ ገዝቶ ያመጣው፣ ወርቃማ ሽፋን ያለው፣ ስድስት ሲዲ የያዘ የሶል ስብስብ ነው። ሳጥኑ በንብረት ተመዝግቦ መሳቢያው ውስጥ ይቆለፍበታል። ቅዳሜ በፊርማ እረከበዋለሁ፣ ሰኞ በፊርማ እመልሰዋለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አለቃችን ጆሮ አንድ ነገር ላስቀድም።

«ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የተባለውን ዘፈን የሚያውቅ ሁሉ፣ መሐል ላይ ቢል ዊዘርስ «አይ ኖው፣ አይ ኖው» እያለ 26 ጊዜ እንደሚደጋግም ያውቃል። ዊዘርስ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ግጥም ሊያስገባ አስቦ ነበር፤ እንዲሁ ተወው ያሉት ስቱዲዮ ውስጥ አብረውት የነበሩት ሙዚቀኞች ናቸው። ዘፈኑ በወጣበት በፈረንጆቹ 1971 ሰውየው ታዋቂ አልነበረም። የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት መቀመጫ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ የኖረ ሰው ነው፣ የሙዚቃውንም ዓለም ስላላመነው ሥራውን ቶሎ አልለቀቀም። በመጀመሪያ አልበሙ ሽፋን ላይ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ቆሞ ይታያል። የደመወዝ ሰው ሁሉ ያንን ፎቶግራፍ ቢያየው ደስ ይለኛል።

እኛ ዘንድ ዘፈኑ አየር ላይ እያለ፣ ድግግሞሹ ከተጀመረ ትንሽ ቆይቶ፣ የቁጥጥር ክፍሉ በር ተበርግዶ አለቃችን ገባ። «ሲዲው ተይዟል! ምን ትጠብቃለህ? አውጣው እንጂ!» እጁን ወደ ማጫወቻው ሲሰድ በክርኔ ከለከልኩት። ደግነቱ ዊዘርስ በዚያው ቅጽበት ወደ ቀጣዩ ስንኝ ተሻገረ። አለቃችን ራሱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና «ራሱ አስተካከለ» ብሎ ወጣ።

ይኸው ሰው ነው የሶል ፕሮግራም ኃላፊ። ከጄምስ ብራውን ቀጥሎ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣውን ዓለማየሁ እሸቴን ላስገባ፣ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ሲባል የኖረ ድምፃዊ ነው፣ አድማጭ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢሰማ ይደሰታል ብዬ ሐሳብ ባቀርብ፣ «ሶል በእንግሊዝኛ ነው» ብሎ መልሶኛል። በጽሑፍ ነው የመለሰልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ጀርባው ላይ፣ ከዋጋ መለያው በላይ፣ የበርበሬ ፍሬ በማታክል ፊደል አንድ መስመር ተጽፎ ነበር። «አንዳንዶቹ ዘፈኖች በራሳቸው በዘፋኞቹ በድጋሚ የተቀረጹ ናቸው» ይላል። ለአለቃችን አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ አነበበና «ያው ራሱ አይደል የዘፈነው?» አለኝ።

ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የ1960ዎቹ ዘፋኝ ድምፁ የራሱ ቢሆንም ቴፑ የአሳታሚው ነው። ርካሽ ስብስብ የሚያወጣ ድርጅት ለዋናው ቴፕ ፈቃድ ከመክፈል ይልቅ፣ ዘፋኙን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስቱዲዮ አስገብቶ እንደገና ማዘፈን ይረክስለታል። ሕገወጥ አይደለም። ዘፋኞቹም ላይ አልፈርድም። ፐርሲ ስሌጅን ውሰዱ። አላባማ ውስጥ የሆስፒታል ረዳት ሆኖ የሚሠራ ሰው ነበር። «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን» የተባለው ዘፈኑ በ1966 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሲወጣ፣ የደራሲነቱን ስም ግን ለሁለት የባንድ ጓደኞቹ ለቅቆላቸው ነበር። ዘፈኑ በየአገሩ በተሸጠ ቁጥር የደራሲው ድርሻ ወደ እነሱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው መቶ ጊዜ እንደገና ቢዘፍነው ሐቁ ነው። ችግሩ የሚመጣው የኋለኛውን አሰምተን የፊተኛውን ዓመተ ምሕረት ስንጠራ ነው።

በዚያ ቅዳሜ የሆነው ይኸው ነው። አቅራቢያችን ገና ጀማሪ ነበረች፤ የተሰጣትን ወረቀት በሚያምር ድምፅ ታነብባለች። «አሁን ደግሞ በፈረንጆቹ 1966 ዓለምን ያስለቀሰው…» ብላ ጨረሰች፣ እኔም ለቀቅሁ። ከበሮው የኤሌክትሮኒክስ ከበሮ ነው፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ሰው ያልነካው። ኦርጋኑ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ኪቦርድ አለ። ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኩ በራ።

«ዘፈን ለመምረጥ አይደለም የደወልኩት፤ ልጅቷን ላናግራት» አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ምን ሊል እንደሆነ ገመትኩ። ስለ ገመትኩም ፈጥኜ አስገባሁት።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ከየት ነው የሚደውሉልን?»

«ከጉለሌ። ልጄ፣ አሁን ያሰማሽን ዘፈን በስንት ዓመተ ምሕረት ነው ያልሽው?»

«በፈረንጆቹ 1966።»

«ያን ጊዜ እኔ አስመራ ነበርኩ። ቃኘው ጣቢያ፣ አሜሪካኖቹ ወጥ ቤት ውስጥ። ይህ ዘፈን ከሬዲዮናቸው አይጠፋም ነበር። ድስት እያጠብኩ ነው የለመድኩት።»

«እንዴት ደስ ይላል! ትዝታዎን ቀሰቀስንብዎት ማለት ነው።»

«አልቀሰቀሳችሁም። ይህ እኮ እሱ አይደለም።»

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ይረዝማል። ልጅቷ በመስታወቱ በኩል አየችኝ፤ እኔ የድምፅ መጠን የማስተካክል መሰልኩ። ከዚያ ወረቀቷን ተመለከተች።

«ዘፋኙ ፐርሲ ስሌጅ ነው አባቴ፤ እዚህ ተጽፏል።»

«እሱማ እሱ ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ አርጅቷል እንጂ። ነገር ግን ልጄ፣ ዋናው ላይ ወደ መጨረሻው ትንፋሾቹ፣ የሚነፉት መሣሪያዎች፣ ይስታሉ። ከቅኝት ይወጣሉ። እነዚህ አይስቱም። እስከ መጨረሻው ጠበቅኳቸው፤ አንድም ቦታ አልሳቱም።»

«ታዲያ ይህኛው የተሻለ ነዋ!»

«ለሠርግ ይሻላል።»

በዚህ ጊዜ አለቃችን ከኋላዬ ቆሟል። መቼ እንደገባ አላየሁም። እጁን አንገቱ ላይ እያሳለፈ «ቁረጠው» ይለኛል። መስመሩን ለመቁረጥ አንድ ቁልፍ ይበቃል፤ እኔ ግን የጆሮ ማዳመጫዬን አጥብቄ ወደ ፊት ማየቱን መረጥኩ። በኋላ ሲጠይቀኝ «ምልክቱ አልገባኝም» አልኩት፤ ይህንንም በጽሑፍ አስፈርሞኛል።

«ሲዲያችሁ ላይ ኦቲስ ሬዲንግ አለ?» ሽማግሌው አላበቁም።

«አለ አባቴ።»

«እሱን እመኑት። በ1967 መጨረሻ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል፤ ማንም መልሶ ሊያዘፍነው አልቻለም። ሳም ኩክንም እመኑት፤ እሱ የሞተው 1964 ነው። በሕይወት የቆዩትን ግን እያጣራችሁ። በሉ ደኅና እደሩ፤ ሌላው ሥራችሁ ጥሩ ነው።»

ይኼ ነው ስካሩ።

ስለ ትንፋሾቹ ያሉት ነገር ልክ ነው። በአሳታሚዎቹ ዘንድ እንደሚተረከው፣ አትላንቲክ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ቅጂ ሲሰማ ትንፋሾቹ ስተዋል ብሎ እንዲታረሙ አዘዘ። ታርመው ተቀረጹ። ከዚያ ሲታተም በስሕተት የተነሣው ያልታረመው ቴፕ ሆነና ዓለም የወደደው እንዲጣል የተባለውን ሆነ። ጉለሌ የሚኖሩ አባት ይህን ታሪክ ይወቁት አይወቁት እንጃ። ለእሳቸው ድስቱና ጆሯቸው በቂ ነበሩ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ደዋዩ ሰካራም የሆነው በዚህ ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛው፣ ማንኛውም ደዋይ አየር ላይ ከመግባቱ በፊት የሚናገረውን በሙሉ ለቴክኒክ ክፍል እንዲናገር። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ዘፈን ከመተላለፉ በፊት «ኦሪጅናልነቱ በቴክኒክ ክፍል እንዲረጋገጥ»። የቴክኒክ ክፍል ማለት እኔ ነኝ። ስለ ሳጥኑ በቃለ ጉባኤው ውስጥ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ሲዲው ከዱባይ መምጣቱና በማን መመረጡ ጭምር ጠፍቷል። ወርቃማው ሳጥን ግን በንብረት ዝርዝር ላይ «አንድ ኦሪጅናል የሶል ስብስብ» ተብሎ እንደተመዘገበ ቀረ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ተቀምጬ ሁሉንም በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ። ሥራው ከባድ አይደለም። ከበሮው የማሽን ከሆነ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ ከዘፋኙ በሃያ ዓመት ካነሰ፣ ዘፋኙ ከፍ ያለውን ኖታ ሊይዘው ሲገባ ዞር ብሎ ካለፈው፣ ያ ዘፈን የኋለኛው ነው። በሁሉም ላይ ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ነጥብ የሌለበት ከሞላ ጎደል ሟቾቹ ብቻ ሆኑ፤ የጉለሌው ሽማግሌ እንዳሉት።

የፐርሲ ስሌጅን ዋናውን ከአንድ የሸክላ ሰብሳቢ ወዳጄ አገኘሁት። ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ ናት፤ ከአስመራ የመጣች ናት ብሎኛል። ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳት። ትንጫጫለች፤ ጫጫታውን በሶፍትዌር ላጠፋው እችል ነበር፣ አላጠፋሁትም። ኦርጋኑ ሲጀምር ቤተ ክርስቲያን የገባህ ይመስልሃል። መጨረሻ ላይም ትንፋሾቹ ይስታሉ። ቁጭ ብዬ ስተው እስኪያልፉ ጠበቅኳቸው።

በቀጣዩ ፕሮግራም ልጅቷ ነገሩን በሚገባ አስረዳች። ያለፈው በድጋሚ የተቀረጸ እንደነበረ፣ የዛሬው የ1966ቱ እንደሆነ ነግራ ዘፈኑን ጠራች። ለቀቅሁት። ስልኩ ገና በመሐሉ መብራት ጀመረ፤ ሽማግሌው ናቸው ብዬ ተሽቀዳድሜ አነሣሁ።

አንዲት ሴት ናት። «ሲዲያችሁ ተጭሯል መሰለኝ፤ ጥሩውን አድርጉልን።» ሁለተኛው ደዋይ ያለፈው ሳምንት የተላለፈው ምን ያህል ጥራት እንደነበረው ነገረኝ፤ እሱን በቴፕ ሊቀርጽ ተዘጋጅቶ ነበር። ሦስተኛው የሙዚቃ ተማሪ ነኝ አለ። «ትንፋሾቹ ከቅኝት ውጪ ናቸው፤ ጣቢያው እንዲህ ያለ ነገር ከማስተላለፉ በፊት የሚያጣራ ባለሙያ የለውም ወይ?» አለኝ። እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም። በአዲሱ መመሪያ መሠረት የሚናገረውን ሁሉ አስቀድሞ ስለ ነገረኝ፣ አየር ላይ ሳይገባ አመሰገንኩት። ሽማግሌው አልደወሉም።

አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «አየህ?» አለኝ። ምን እንዳየሁ አላብራራም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዘፈን ምርጫ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ የወጣው ፐርሲ ስሌጅ ነበር፤ ደዋዮቹ «ንጹሑን» ብለው ለይተው ነው የጠየቁት። ልጅቷ ከመስታወቱ ማዶ ሁለቱን ርዕስ ይዛ «የትኛውን ልጥራ?» አለችኝ።

«የጠየቁትን» አልኳት። «ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አትጥሪ።»