መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ሲከፈት፦ ከትምህርት ቤቶቹ ታሪክ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ልዩ ክፍል ይከፈት ሲባል ቶሎ የሚነሳው የመስሚያ መሣሪያና የበጀት ጉዳይ ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ታሪክ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ አንድ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ከዚያ በምልክት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያወራ፣ ቢቻል ራሱ መስማት የተሳነው አዋቂ ይገኝላቸዋል። ዕቃው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ፈረንሳዊው ቄስ ደ ሌፔ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ፓሪስ ላይ በነጻ ሲያስተምር ምልክቱን የተማረው ከልጆቹ ነበር። ከዚያው ተቋም የወጣው ሎራን ክሌር፣ ራሱ መስማት የተሳነው መምህር፣ ከቶማስ ጋላውዴት ጋር አሜሪካ ተሻግሮ በ1817 ሃርትፎርድ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ነገሩ የተበላሸው በ1880 ነው። ሚላን ላይ የተደረገ ጉባኤ ልጆቹ በንግግርና በከንፈር ንባብ እንዲማሩ፣ ምልክት ከክፍል እንዲወጣ ወሰነ። ከ164 ተሳታፊዎች መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። መስማት የተሳናቸው መምህራን በየአገሩ ከሥራቸው ተገፉ፤ በውሳኔው መጸጸቱን ያው ጉባኤ በኋለኛ ስብሰባው የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ላይ ተከፈቱ። ከውጭ የመጡት ምልክቶች ልጆቹ ከቤታቸው ይዘው ከመጡት ጋር ተዋሕደው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አደገ። የጣት ፊደሉ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል የተበጀ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። የጣት ፊደል ያወቀ መምህር ግን ቋንቋውን አወቀ ማለት አይደለም። ለስምና ለአዲስ ቃል ይጠቅማል እንጂ ሙሉ ትምህርት ፊደል በፊደል እየለቀሙ ማስተማር ልጁንም መምህሩንም ያደክማል።

በከንፈር ንባብ ላይ ተስፋ የሚጥል ወላጅ ዛሬም ብዙ ነው። በአማርኛ ምን ያህል እንደሚከብድ በመስታወት ፊት መሞከር ይቻላል፤ «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ቀ፣ ከ፣ ገ ከአፍ ጀርባ ስለሚወጡ አይታዩም። በዓሉን «ገና» ካልደረሰው «ገና» የሚለየው መጥበቅና መላላትም ለዓይን አይገለጥም። የከንፈር ንባብ የሚያግዘው አማርኛን ቀድሞ የሚያውቀውን ልጅ ነው። ስለዚህ ምዝገባ ላይ ልጁ መስማት ያቆመው በስንት ዓመቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በማጅራት ገትር ምክንያት በስድስት ዓመቱ መስማት ያቆመ ልጅና ሲወለድ ጀምሮ ያልሰማ ልጅ የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ አይደለም።

ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ ወይም ከወረባቦ ገጠር የሚመጣ ልጅ ደግሞ አሥር ዓመት አልፎት፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባባቸውን ጥቂት ምልክቶች ብቻ ይዞ ሊደርስ ይችላል። በቀጥታ አንደኛ ክፍል ገብቶ ሀ ሁ ቢቆጥር ፊደሉን ይስላል፣ የሚያነበው ግን ምንም አይገባውም። የመጀመሪያውን ዓመት በምልክት ለማውራት ብቻ መስጠት ጊዜ ማባከን አይደለም። ወላጅም አብሮ መማር አለበት፤ ቤት ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲጫወት የሚያወራው የሌለው ልጅ ክፍል ውስጥ የተማረውን የሚለማመድበት የለውም። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለሕፃን የዕለት ምልልስ ስለሚከብድ፣ የዘመድ ቤት ወይም የጋራ ማደሪያ ከምዝገባው በፊት ቢታሰብ ይበጃል።

ክፍሉ ከ8 እስከ 12 ልጅ ይያዝ፤ ወንበሮቹ በአንድ ረድፍ ግማሽ ክብ ይሥሩ። ሁለተኛ ረድፍ ከተጨመረ ከኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን እጅ አያዩም፣ ውይይት ይቆማል። መምህሩ መስኮት ፊት ከቆመ ፊቱ ይጨልማል፤ መስኮቱ በልጆቹ ጀርባ ወይም በጎን ይሁን። የደሴ ጉም ሲወርድና መብራት ሲጠፋ ይህ ጉዳይ ቀኑን ሙሉ የሚማሩበትን ይወስናል። ነጩ ጋዋን ለጠይም እጅ ጥሩ ዳራ ነው፤ ባለ ዝንጉርጉር ሹራብ ዓይን ያደክማል። ልጆቹን ለመጥራት በእግር መምታት ለጣውላ ወለል እንጂ ለሲሚንቶ አይሆንም፤ ጠረጴዛ መንካት ወይም አምፖል ማብራትና ማጥፋት ይሻላል። ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ማስረዳት አይቻልም፤ ልጁ በአንድ ጊዜ ጽሑፉንም እጁንም አያይም። ይጻፍ፣ ለማንበብ ጊዜ ይሰጥ፣ ከዚያ ይብራራ።

መስማት የሚችልበት ቅሪት ያለው ልጅ መሣሪያ ሊያግዘው ይችላል፤ መሣሪያው ግን የከባድ መኪናውን ድምፅም አብሮ ያጎላል። መሣሪያው ሲያፏጭ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ልጁ አድጎ፣ በጆሮው ልክ ተሠርቶ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ስላነሰውና ድምፅ ስለሚያሾልክ ነው።

አማርኛ ሰዋስው ላይ የሚታየው ስሕተት ስንፍና አይደለም። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ በምልክት ግን ማን ለማን እንደነገረ የሚታየው እጁ ከየት ወዴት እንደሄደ ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ በምልክት ይነገር። ቀጥሎ «ነገረ» በነጭ ጠመኔ፣ «አል»፣ «ች»፣ «ኝ»፣ «ም» በተለያየ ቀለም ይጻፉ፤ ልጁ እያንዳንዱን ቀለም ከእጅ እንቅስቃሴው ጋር ያገናኝ። ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ መሙላት ይህን አያስተምርም።

ልጆቹ ወደ አምስተኛ ክፍል አልፈው ከሚሰሙ ተማሪዎች ጋር ሲቀላቀሉ አስተርጓሚው ጥግ ላይ ሳይሆን ከሰሌዳው አጠገብ ይቁም። ግማሽ ሰዓት ያለ ዕረፍት ከተረጎመ መሳሳት ስለሚጀምር የሚተካው ያስፈልጋል። ለሳይንስ ቃላት የሚሆኑ ምልክቶች ከትምህርቱ በፊት ከመምህሩና ከልጆቹ ጋር ይስማሙባቸው። ፈተና ላይ ትእዛዙ በምልክት ይነበብ፤ የቃል ጽሕፈት ጥያቄ በሌላ ይተካ። ከሁሉ በላይ በአንድ ትምህርት ቤት ቢያንስ ሁለት መምህራን ይሠልጥኑ፤ አንዱ ተዘዋውሮ ቢሄድ ክፍሉ እንዳይዘጋ።