ከድልድዩ ሥር የተጠራቀመው

ነሐሴ 9 ቀን፣ ጎንደር

ቀሃን የምንሻገርበት የሰፈራችን ድልድይ ከተዘጋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ነሐሴ 6 ለ7 አጥቢያ ዝናቡ ሳያባራ አድሮ ነበርና፣ ወንዙ ከተራራው ሥር ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ እያግበሰበሰ ወርዶ በድልድዩ መካከለኛ ምሰሶ ላይ ከምሮት ነጋ፤ ከነሥሩ የተነቀለ ባሕር ዛፍ፣ የአጥር እንጨት፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ ጭቃ የሞላው ማዳበሪያ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው የውሃ ፕላስቲክ። ጠዋት በሁለቱም ጫፍ በርሜል ተደርድሮ፣ ገመድ ተወጥሮ፣ ባጃጅም እግረኛም እንዳያልፍ ተከለከለ።

ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የምታስቀድሰው እናቴ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገመዱ አጠገብ ቆማ ነበር። «ውሃው ጎድሏል፣ ድልድዩም እንደ ቆመ ነው፤ ምን ሆነ ብለው ነው የዘጉት?» አለችኝ። እኔም ከእሷ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። መልሱን የሰጧት ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ናቸው። «እትዬ፣ ድልድይን የሚጥለው በላዩ የሚያልፈው አይደለም፤ በሥሩ የሚያልፈው ነው» አሏት።

ነገሩን እንዲህ አስረዱን። ግሳንግሱ የድልድዩን አፍ ሲደፍነው ውሃው መውጫ ያጣል፤ ከኋላ ከፍ እያለ ምሰሶውን ይገፋዋል፤ በቀረችው ጠባብ ቀዳዳም ወደ ታች ጠልቆ ሲምዘገዘግ መሠረቱ የተቀመጠበትን አፈርና ጠጠር ጠርጎ ይወስዳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጥለው የተናገሩት ነው፤ ጎርፉ ሲበርድ ያው የተቦረቦረው ጉድጓድ ውሃው ይዞት በመጣው ልል አሸዋ ተመልሶ ሊሞላ ስለሚችል፣ በማግስቱ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ምንም የጎደለ ነገር አይታየውም። ስለዚህ ባለሙያ ወርዶ በብረት ዘንግ እየወጋ እስኪያረጋግጥ ድረስ የቆመ መምሰሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ወሬውን ወደ ጥንቱ መለሱት፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ.፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራውን የአላታን ድልድይ ለዚህ ዕድሜ ያበቃው ኖራው ብቻ ሳይሆን እግሩን ያሳረፈበት ዓለት መሆኑን ሲተርኩ፣ እናቴ ቅዳሴው እንዳያልፍባት ባጃጅ ፍለጋ ሄዳ ነበር።

እኔ ግን ከዚያ ስፍራ መነሣት ከበደኝ። ሚያዝያ ላይ ወጥ ቤታችንን ሳፈርስ፣ አሮጌውን ቆርቆሮና የተሰባበረውን ብሎኬት አንድ ባለ ጋሪ በገንዘብ ተዋውሎ ወስዶልኛል። እናቴ «የት ይደፋዋል?» ብትለኝ «ራቅ አድርጎ» ነበር ያልኳት። በእኛ ሰፈር «ራቅ» ማለት የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በጋ ላይ ቀሃ ስለሚቀጥን ዳርቻው ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ ይመስላል። አሁን በምሰሶው ላይ ከተንጠለጠሉት ቆርቆሮዎች አንዱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። የእኛም አረንጓዴ ነበር። እርግጥ በጎንደር ቆርቆሮውን አረንጓዴ የቀባ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የምንሞላው ከዚሁ ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ነው፤ ጥር 11 ቀን ተሻምተን የምንረጨውን ውሃ ነሐሴ ላይ አፍንጫችንን ይዘን እናየዋለን። ወንዙ ከከተማው በታች ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ ወደ መገጭ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል። ምሰሶው የያዘው ይህን ያህል ከሆነ ያመለጠው ስንት ይሆን?

ነሐሴ 14 ቀን

ትናንት እስካቫተር መጥቶ ግማሽ ቀን በፈጀ ሥራ የድልድዩን አፍ ከፈተው። የምሰሶው ሥር ከተለካ በኋላ ዛሬ እግረኛ እንዲያልፍ ተፈቅዷል፤ ለመኪና የሚከፈተው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው ተብሏል። እናቴ ሰሞኑን ዙሪያውን በባጃጅ ስትመላለስ የከፈለችውን ገንዘብ ቆጥራ ነግራኝ፣ ዛሬ በእግሯ ተሻገረች።

የወጣው ክምር ግን ከድልድዩ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እዚያው የወንዙ ዳር ላይ ተቆልሏል። ትናንት መቼ እንደሚነሣ የእስካቫተሩን ሹፌር ብጠይቀው «የእኔ ሥራ ማውጣት ነው» አለኝ። አረንጓዴው ቆርቆሮ ጫፉ ላይ ተሰክቷል። የእኛ ከሆነ ለጭስ መውጫ በእጄ የቀደድኩት ቀዳዳ ይኖረዋል ብዬ ዛሬ ተጠግቼ ባየውም፣ ግማሹ በጭቃ ተቀብሯል።

ማታ ሰማዩ እንደገና ሲያጉረመርም ለባለ ጋሪው ደወልኩለት። ክምሩን፣ ሁሉን ባይሆን የቻለውን ያህል፣ ከወንዙ ዳር እንዲያነሣልኝ፣ ሒሳቡን እኔ እንደምከፍል ነገርኩት።

«እሺ ጋሼ» አለኝ፤ «የት ልውሰደው?»