«የእኛ ዘር ጉንፋን አይችልም»፦ ከደሴ ተማሪዎቼ ጋር የፈተሽነው አባባል

«የእኛ ዘር ጉንፋን አይችልም» የሚል ሰው ወሎ ውስጥ ከየቤቱ አይጠፋም። ደሴ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ አባባሉ እውነት ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልሸኛቸው አልፈለግሁም። የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የሳይንስ ክበቡ የየቤተሰቡን የዘር ሐረግ እየሳለ ራሱ እንዲፈትሽ አደረግሁ። ሌላ መምህር ቢጠቀምበት ብዬ አካሄዱን ልጻፈው።

አሳሳሉ የተለመደው ነው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይወከላሉ፤ የታመመው ይጠቆራል። በስም ፋንታ ቁጥር ይጻፋል። ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማ ያደገ ልጅ ሐረግ መሳል አይቸግረውም። ቆጠራው ግን ማን ከማን እንደተወለደ እንጂ ማን በምን እንደታመመ አይናገርም፤ ስለዚህ በሕይወት ባሉት ትውልዶች ተወሰንን። ንፍጥ ሁሉ እንዳይቆጠርም ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞት አልጋ ላይ የዋለ ብቻ እንዲጠቆር ተስማማን። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የጠጣውም ምልክቱ ካለው ይገባል። ያለ ላቦራቶሪ ኢንፍሉዌንዛን፣ ማለትም ከባዱን ጉንፋን የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ከሌሎች ቫይረሶች መለየት እንደማይቻል ግን አስቀድሜ ነገርኳቸው።

ሥዕሎቹ ሲሰበሰቡ ጥቁሩ በአንዳንድ ቤቶች ተከማችቶ ታየ። ክፍሉ «በዘር ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ጩኸት ነበር። ወንድምና እህት እኮ የሚጋሩት ደም ብቻ አይደለም፤ መኝታ፣ ገበታና የምድጃ ጭስም ይጋራሉ። ስለዚህ በጋብቻ ቤቱን የተቀላቀሉትን፣ ምራቷን፣ አማቹን፣ የእንጀራ እናቷን፣ በቀይ እንዲያከብቡ አዘዝኩ። እነዚህ ቤቱን እንጂ ደሙን አይጋሩም። በቀይ የተከበቡትም እንደሌሎቹ ከጠቆሩ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቤቱ ነው። በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ከዚህም የተሻለ ማስረጃ ይሆኑ ነበር፤ ነገር ግን ከለከልኩ። ጉዲፈቻ በአገራችን የቆየ ወግ ቢሆንም ልጁ ራሱ የማያውቅበት ቤት አለ። ለክፍል ሥራ ተብሎ የሰው ምስጢር አይቆፈርም።

ቀይ ቀለሙን ያመጣሁት ከራሴ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን ያጠቃውን የኅዳር በሽታ ተማሪዎቼ የሚያውቁት ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል በሚያዩት ጭስ ነው። ያ በሽታ የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። በኢንፍሉዌንዛ የሞቱ ሰዎችን የዘር መዝገብ የመረመሩ ሁለት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ታትመዋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአሜሪካዋን የዩታ ግዛት መዝገብ ያገላበጡት ተመራማሪዎች የሟቾች የሩቅ ዘመዶች እንኳ በኢንፍሉዌንዛ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ስላገኙት ውርስ ድርሻ አለው አሉ። የአይስላንዶቹ ደግሞ የዚያን ወረርሽኝ ሟቾች ዘመዶች ከትዳር ጓደኞቻቸው ዘመዶች ጋር አነጻጽረው የዘር ምልክት አላገኙም። «ታዲያ ማን ነው ልክ?» አሉኝ። ሁለት ጥንቁቅ ሰዎች ተቃራኒ መልስ ይዘው ሲመጡ ማየት ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ።

ሐረግ ሲያነክስ ወደ ጂን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ወደሚወርደው የሰውነት መመሪያ፣ መውረድ ግድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ክፍሉን የያዘው የአይጦቹ ታሪክ ነበር። ዣን ሊንደንማን የተባለው ስዊዘርላንዳዊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌሎችን አይጦች የሚገድል የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የማይበግረው የአይጥ ዝርያ እንዳለ አሳየ። ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ ኤምኤክስ በተባለ አንድ ጂን ላይ ተገኘ። የሚገርመው፣ ጂኑ የተበላሸባቸው ሌሎቹ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የላቦራቶሪ አይጦች ጤነኛውን ቅጂ አልያዙም።

በሰው ላይ ደግሞ አይ.ኤፍ.አይ.ቲ.ኤም.3 የተባለ ጂንና ከእሱ የሚሠራ ፕሮቲን አለ። ቫይረሱ በከረጢት ተጠቅልሎ ወደ ሕዋሱ ይገባና ሽፋኑን ከከረጢቱ ሽፋን ጋር አዋህዶ ሊወጣ ሲል ይህ ፕሮቲን ያግደዋል፤ አጥር ዘሎ የእልፍኙ በር ላይ እንደተያዘ ሌባ። በ2012 የወጣ ጥናት በ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሆስፒታል ከገቡ ሰዎች መካከል የዚህ ጂን አንድ ልዩ ቅርጽ (ልዩነት) በዝቶ አገኘ። በዓመቱ በቻይና ልዩነቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት በጽኑ ከታመሙት 69 በመቶ፣ ቀለል ካለላቸው 25 በመቶ ሆነው ተገኙ። በአውሮፓ የተደረጉ አንዳንድ ተከታይ ጥናቶች ግን ግንኙነቱን አላረጋገጡም፤ ልዩነቱ እዚያ ብርቅ ነው። ተማሪዎቼ በቻይና ቁጥር ተደስተው ወደ ደሴ ሊያዞሩት ሲሞክሩ ያስቆምኳቸው በዚህ ነው።

ለዘር ውርስ ትምህርት ከሁሉ የሚመቸው ግን በ2015 የታተመው የአንዲት ፈረንሳዊት ሕፃን ታሪክ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ለሞት አቃረባት። ኢንተርፌሮን የሚባለውን የመከላከያ መልእክት በበቂ እንዲመረት የሚያደርገው አይ.አር.ኤፍ.7 የተባለ ጂኗ ከአባቷም ከእናቷም በወረሰችው ስሕተት ሁለቱም ቅጂዎች ተበላሽተው ነበር። ወላጆቿ አንድ አንድ ጤነኛ ቅጂ ስለነበራቸው ደህና ነበሩ። በእኛ ሐረግ ላይ ቢሳል ሁለት ነጭ ምልክቶች አንድ ጥቁር ወለዱ ማለት ነው፤ ክፍሉ «ጥቁር ከጥቁር ነው የሚወለደው» ብሎ የደመደመውን ይህች ልጅ ብቻዋን አፈረሰችው። እንዲህ ያለው ጉድለት ግን እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚገኝ ነው። የብዙዎቻችንን ሕመም የሚያከብደው ወይም የሚያቀለው ዕድሜ፣ እርግዝና፣ ሌላ በሽታ፣ ቀድሞ በያዘን ቫይረስ የዳበረ መከላከያና የቤቱ መታፈን ነው።

አንዱ ተማሪ አያቱን ሲጠይቃቸው «ልጄ፣ ዘሩን ተወውና ማታ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ጻፍ» ብለውታል። ለሚቀጥለው ዓመት ቅጹ ላይ ይህን መስመር ጨምሬያለሁ፤ ከእሱ አጠገብም የቤቱን መስኮቶች ብዛት የሚጠይቅ ሌላ መስመር አስገብቻለሁ።